ከእትዬ ኦቨን ያመለጠው

ጥቅምት 4

ይድረስ ለእትዬ፣ ጀርም ለሚሸሻቸው፤

እንዴት ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? የጋሼስ ጉልበት ተሻለ? እኔ ከብርዱ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ብርዱንም በሠሩልኝ ሹራብ እየመከትኩት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ያየው ሁሉ «ማን ሠራልሽ?» ይለኛል። «የእናቴ የአክስት ልጅ» እላለሁ፤ ይህን ዝምድና በነሱ ቋንቋ ለማስረዳት ግን የምሳ ሰዓቴ አይበቃም። መጨረሻ ላይ «ያሳደጉኝ እትዬ ናቸው» ብዬ እገላገላለሁ።

ስልክ ጆሮ ያደነቁራል ስለሚሉ በደብዳቤ ልለምንዎት ነው። ገንዘብ አይደለም፣ አይደንግጡ። አፈር ነው።

መሳቁን ይሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ጎረቤቶቻቸው ምግባቸውን እንዳይሻሟቸው መርዝ ያመነጫሉ። ለጎረቤቶቻቸው መርዝ የሆነው ነገር ለእኛ መድኃኒት ይሆናል። እርስዎ ሆስፒታል ሲሠሩ በየአልጋው ሲሰጥ ያዩት አንቲባዮቲክ ብዙው የተገኘው ከነሱ ነው። አሁን ግን የበሽታ ጀርሞቹ የድሮዎቹን መድኃኒቶች ለምደው አልበገር እያሉ ነው፤ አዲስ ያስፈልገናል። ስለዚህ ፕሮፌሰሯ፣ አለቃዬ ማለቴ ነው፣ እያንዳንዳችን ከምናውቀው ቦታ አፈር እንድናስመጣ ነግራናለች። አንዱ ባልደረባዬ ከአባቱ እርሻ አስመጣ፣ አንዷ ከድሮ ትምህርት ቤቷ ሜዳ። እኔ ሳስብ ሳስብ የመጣልኝ የእርስዎ ጓሮ ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጀርባ ያለው ጥቁር አፈር። በልጅነቴ ጭቃ ሳቦካበት ሳሙና ይዘው ያባርሩኝ የነበረው ቦታ ነው፤ መቼም አልረሱትም።

ሁለት ጭብጥ ይበቃኛል። የማስገቢያ ፈቃዱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ እሽጉ ላይ ይለጥፉት። ጋሼን ይሳሙልኝ።

እጅ እነሣለሁ፣
ጭቃ አቡኪዋ


ኅዳር 12

ለጭቃ አቡኪዋ፤

ክፉ አይይሽ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን። የሰውየው ጉልበት ያው ነው፤ ሥራ ሲባል ያመዋል፣ ኳስ ጨዋታ ሲባል ይድናል።

ደብዳቤሽን ሳነብ «አፈር» የሚለው ጋ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ እንደገና አነበብኩት። ሰውየው «እዚያ አገር አፈር አልቆ ነው?» አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ጀርም ስገድል ኖሬ በስተርጅና ጀርም አቀብዪኝ ትይኛለሽ! የቀዶ ጥገና መሣሪያ ማምከኛ ክፍል ኃላፊ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ከእኔ እጅ በወጣ መቀስ ላይ አንድም ነፍስ ያለው ነገር ተገኝቶ አያውቅም።

ቢሆንም ባንቺ አልጨክንም፤ ይኸው አዘጋጅቼ ልኬልሻለሁ። እንዳትቸገሪ ብዬ በደንብ አጽድቼዋለሁ። በወንፊት ነፋሁት፣ ትሉንና ሥራሥሩን ለቅሜ ጣልኩ፣ ከዚያ የኦቨን ትሪ ላይ ዘርግቼ፣ እንዳያር ሙቀቱን ዝቅ አድርጌ፣ ዱቄት እስኪመስል ጋገርኩት። በንጹሕ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ ጠቅልዬ አሽጌዋለሁ። ጉምሩክ ቢከፍተው እንኳን የምታፍሪበት ነገር የለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ከዚህ በፊት አውርቼልሽ አላውቅም። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ቀዶ ጥገና ክፍላችን ውስጥ አንድ ጀርም ገባ። የተሰፋ ቁስል ሁሉ ይመግላል። ቀዶ ሐኪሙ ያለውን መድኃኒት በሙሉ ሞከረ፤ አንዱም አልነካውም። ሰዎች ሞቱብን፤ ገና የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ሳትቀር። እኔ መሣሪያውን ደጋግሜ አመከንኩ፣ ግድግዳውን ሳይቀር አሳጠብኩ። ምን ዋጋ አለው! መቀስ ይቀቀላል፣ ሰው ግን አይቀቀልም። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ተዘግቶ ይከፈታል፣ ጀርሙ ብቅ ሲል እንደገና ይዘጋል። በሕይወቴ ያሸነፈኝ ጀርም እሱ ብቻ ነው። የምትፈልጊው መድኃኒት እሱን የሚገድል ከሆነ አፈሩን በጆንያ እልክልሻለሁ።

ያንቺው እትዬ


የካቲት 20

ለእትዬ፣ በአንድ እሽግ ሳቅም ድንጋጤም ለላኩልኝ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። እሽጉ ደርሷል። ደብዳቤዎ ውስጥ «ጋገርኩት» የሚለውን ሳነብ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። እትዬ፣ እኔ የፈለግሁት እኮ ጀርሞቹን ነበር! ለባልደረቦቼ ስተረጉምላቸው በሳቅ ፍርስ አሉ። አንዱማ እስካሁን ምድጃ ባየ ቁጥር «አክስትሽን ሰላም በይልኝ» ይለኛል።

ልጥለው ነበር። ግን ፈቃዱን ለማግኘት የለፋሁት ልፋት አንገበገበኝና ከአፈሩ ትንሽ በውሃ በጥብጬ የላብራቶሪ ሳህኖች ላይ አፈሰስኩት። የባልደረቦቼ አፈር በማግሥቱ ሳህኑን ሞላው፤ ፈጣኖቹ ባክቴሪያዎች ተረባርበው ስለወረሩት ለዝግተኞቹ ቦታ አልተረፈም። የእርስዎ ሳህን ግን ባዶውን ተቀመጠ። ተስፋ ቆርጬ ላጥበው ሳነሣው ጥቂት ነጠብጣቦች ብቅ ብለዋል! ደረቅ፣ ኖራ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ፣ ሽታቸው ዝናብ የነካው አፈር። እነዚህ ናቸው የምንፈልጋቸው። ሲቸግራቸው እንደ ዘር ደርቀው መቀመጥ ያውቁበታል፤ ፈጣኖቹን የፈጀ ሙቀት እነሱን አልጨረሳቸውም። ፕሮፌሰሯ «አውቀው እንዲህ የሚያሞቁ ተመራማሪዎች አሉ፤ አክስትሽ ከየት ተማሩት?» አለችኝ። «አልተማሩትም፣ ለንጽሕና ብለው ነው» ብዬ እውነቱን ነገርኳት።

ከነጠብጣቦቹ አንዱን «ያመለጠው» ብለነዋል። እኛ ጋ ያለውን የሙከራ ጀርም አጠገቡ አላስቀርብ አለ። የሚያመነጨውን መርምረነዋል፤ ከሚታወቁት መድኃኒቶች ከአንዱም ጋር አይገጥምም። አዲስ ነው፣ እትዬ!

አሁን ጭንቀቴን ልንገርዎ። የሚሠራው መድኃኒት በጣም ጥቂት ነው። ትልቅ ጠርሙስ ሙሉ አሳድገን የምናገኘው የመርፌ ጫፍ አይሞላም። በሆስፒታልዎ የገባውን ዓይነት ክፉ ጀርም ለመፈተን ደግሞ ብዙ ያስፈልጋል። በሚመጣው ዓመት የካቲት ኮሚቴ ይቀመጣል። እስከዚያ መጠኑን ካላሳደግሁ «ያመለጠው» ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ ይረሳል፤ እኔም ጠረጴዛዬን ለሌላ ሰው ለቅቄ እወጣለሁ።

ከሱ የተሻለ የሚያመርት ወንድም ካለው ያለው እዚያው ጓሮ ውስጥ ነው። ስለዚህ እባክዎ ሌላ አፈር ይላኩልኝ፤ ጥሬውን፣ ከነትሉ!

ጭቃ አቡኪዋ


ሚያዝያ 25

ለልጄ፤

ጤናሽ ይጠበቅ፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ኦቨኑን ስፈትግ ዋልኩ። ከእኔ እጅ ያመለጠ! ያውም አንድም ነገር አምልጦኝ አያውቅም ብዬ ከጻፍኩበት ወረቀት ጋር አብሮ ታሽጎ! ጥፋቱ ሙቀቱን ዝቅ ማድረጌ ነው። የሆስፒታሉ ማምከኛ ማሽን፣ ኦቶክሌቩ፣ በእጄ ቢሆን ኖሮ እስቲ ሲያመልጥ አየው ነበር። ሰውየው ደግሞ «እንኳንም አመለጠ» እያለ ያበሽቀኛል። እኔም ለሰው አልናገርም እንጂ ውስጤ ደስ ብሎታል።

እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገባ። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ አስጠገንነው። የዐይን ሐኪም መነጽሬን ቀየረልኝ፤ አሁን የጎረቤቴን የተሰጣ ልብስ ቆሻሻ ሳይቀር ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ሰውየው አሮጌ መኪና ገዛ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ከባድ መኪና ነድቶ አሁን የራሱን ይዞ ሙሽራ ሆኗል፤ ከሚነዳበት ጊዜ የሚወለውልበት ይበልጣል።

ያመለጠው ምንድን ነው የሚበላው? ርቦት እንዳይሆን። ባዶ ሆድ ማን ይሠራል? ደህና አድርገሽ አብይው። አንቺም ብይ።

እትዬሽ


ሰኔ 30

ለእትዬ፤

ጤና ለእርስዎ፣ ጤና ለጋሼ። ስለ ጣሪያው፣ ስለ መነጽሩና ስለ መኪናው አንብቤ ደስ ብሎኛል። ስለ አፈሩ ግን አንድ ቃል አላገኘሁም። ረስተውት ይሆን?

አብይው ያሉኝን እኔም አስቤው ነበርና ልንገርዎ። አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ማንኛውም ነፍስ ያለው አካል ፕሮቲኑን የሚገነባባቸው ጡቦች ናቸው። ከነሱ አንዱ ቫሊን ይባላል። በቫሊን ላይ ምልክት አድርገን ለ«ያመለጠው» ሰጠነው፤ በኋላ ምልክቱን መድኃኒቱ ውስጥ አገኘነው። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚሠራው ከቫሊን ነው ማለት ነው። እኔም ጥሬ ዕቃ ከበዛለት ምርቱ ይበዛል ብዬ ቫሊን በላይ በላዩ ጨመርኩለት።

ምን አደረገ መሰለዎ? በላ፣ ወፈረ፣ ተኛ! ጠርሙሱ በግዙፍ ሰውነቱ ጥቅጥቅ አለ፣ መድኃኒቱ ግን ከበፊቱም አነሰ። ሲጠግብ ማንን ፈርቶ መርዝ ይሥራ? የሰጠሁትን ቫሊን ሰባብሮ ለራሱ ማገዶ አደረገው። ስለዚህ አሁን ያሰብኩት ቫሊንን የሚሰባብርበትን ጂን፣ ዘሩ ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ ማለቴ ነው፣ ቆርጬ ማውጣት ነው። መሰባበር ካልቻለ ማገዶ አያደርገውም፤ ሳይወድ በግዱ መድኃኒት ይሠራበታል።

ይህ ካልሠራ ያለኝ ተስፋ ጓሮው ብቻ ነው። ያመለጠውም ከጠርሙስ ጠርሙስ ሲገላበጥ እየሰነፈ ነው፤ እነዚህ ነገሮች የቤት ኑሮ ሲለምዱ መድኃኒት መሥራቱን ይተዋሉ። እትዬ፣ የምለምንዎት ሁለት ጭብጥ አፈር ነው። አስቸግሬ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ዝም ሲሉኝ ግን አላውቅበትም።

ጭቃ አቡኪዋ


መስከረም 8

ለልጄ፣ ለተቀየመችኝ፤

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልሽ። ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስንቴ እንደተውኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጓሮው የለም። ሊሾ ሆኗል።

ያኔ አፈሩን ልኬልሽ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሰውየው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ በር ላይ ይጠብቀኛል። «ዐይንሽን ጨፍኚ» ብሎ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ስገልጥ ከማጠቢያው ገንዳ ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ ሲሚንቶ! ለካ መኪና ሊገዛ ኖሯል፣ ማቆሚያ ማዘጋጀቱ ነው። «ከእንግዲህ ጭቃ የለም፣ ዕድሜሽን ሙሉ የተመኘሽው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ተመኝቼዋለሁ። ደስ ብሎኝ አቅፌ ሳምኩት። ሌላ አፈር ላኪ የሚለው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሲሚንቶው ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ላንቺ መንገር አቃተኝ። እንደማላመጣው እያወቅሁ ተስፋሽን ልቆርጥብሽ አልፈለግሁም፤ በዝምታዬ የባሰ እንዳስጨነቅሁሽ የገባኝ ያሁኑን ደብዳቤሽን ሳነብ ነው። ለሰውየው ሳነብለት ፊቱ ዐመድ መሰለ። መዶሻና መሮ ይዞ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ጠርዙን ፈለጠው። ከሥሩ ያገኘነው ለሙሌት የተደፋ ጠጠር ነው፤ ጥቁሩን አፈር ሠራተኞቹ ጭነው ወስደው የት እንደደፉት የሚያውቅ የለም። ጉልበቱም በእውነት አበጠ፤ የዛሬው ከኳስ ጋር አይገናኝም።

እንግዲህ እውነቱ ይኸው ነው። ወንድም የለውም፣ እህት የለውም። ከጓሮአችን የቀረው እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። እኔ ስለ ጂን አላውቅም፣ ላማክርሽም አልችልም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። እጅሽን ስንት ጊዜ አጥቤሽ ስንት ጊዜ ተመልሰሽ እዚያው ጭቃ ውስጥ ገብተሻል! አንድም ቀን ሰልችቶሽ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ሁሌም ቀድሜ የምሰለቸው። አሁንም ከዚያ ጠርሙስ ፊት ንቅንቅ እንዳትዪ።

የምታፍርብሽ ሳይሆን የምታፍርሽ፣
እትዬ


የካቲት 15

ለውድ እትዬ፣ ለጋሼም ጭምር፤

ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ! አሁን ይቀመጡ፤ ጋሼም ይቀመጡ።

መጀመሪያ ስለ ሊሾው። ሳነበው አለቀስኩ፤ ዐይን ጨፍኚ የሚለው ጋ ስደርስ ደግሞ ሳቅሁ። አልተቀየምኩም። ጋሼ መሮአቸውን ያስቀምጡ።

ቆርጬ አወጣዋለሁ ያልኩዎትን ጂን አወጣሁት፤ ቫሊንን የሚሰባብርበትን። ጠርሙሱን በልበ ሙሉነት አዘጋጀሁ። ውጤቱ ሲመጣ ግን መድኃኒቱ ጭራሽ የለም። ጥቂት አይደለም፣ አነስተኛ አይደለም፤ ባዶ! የነበረንን የመርፌ ጫፍ እንኳን አጥፍቼው ቁጭ አልኩ። የዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ድምፄን ደብቄ አለቀስኩ። የኮሚቴው ቀን ቀርቧል፣ ጓሮው የለም። ሻንጣዬን በሐሳቤ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ሳስበው ያ ባዶ አልዋጥልኝ አለ። ማገዶ የሚያደርግበትን መንገድ ዘግቼ ምርቱ ቢያንስ ባለበት መቆየት ነበረበት። ለምን ፈጽሞ ይጠፋል? ትንሽ ቢቀንስ ኖሮ አልነቃም ነበር። ፈጽሞ የጠፋው መሰባበሩ የግድ ስለሚያስፈልገው ነው! እትዬ፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ከቫሊን ስብርባሪ ነው። ሙሉውን ጡብ አይፈልገውም፤ ሰብሮ ሰብሮ ከቁርጥራጩ ነው የሚገነባው። እኔ ደግሞ ሌባ ነው ብዬ ያሰርኩት ዋናውን ሠራተኛ ኖሯል።

ሮጬ ወደ ፕሮፌሰሯ ገባሁ። በደስታም በእፍረትም እየተቻኮልኩ ነገርኳት። እሷ «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፍቺው!» አለችኝ። ፈታሁት፤ ጂኑን መልሼ አስገባሁለት። ከዚያም አልፌ ሄድኩ። ያመለጠው ውስጥ ይህን መሰባበር ፍሬን ይዞ የሚያዘገይ ሌላ ጂን አለ፤ ምግብ እንዳይባክን ይቆጣጠራል። ፍሬኑን ቆርጬ አወጣሁለት። የሚያወፍረውን ስኳር ቀነስኩበት፣ ቫሊኑን ደግሞ በአንዴ ሳላፈስ በትንሽ በትንሹ አንጠባጠብኩለት። ጋሼ ከባድ መኪና ፍሬኑ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ የእኔው ግን ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ ነው የሄደው!

ስምንት እጥፍ፣ እትዬ! ስምንት! አላመንኩም፣ ደገምኩት። ባልደረባዬም ለብቻው ደገመው። ያው ነው። ፕሮፌሰሯ ስትደሰት ቢበዛ «መልካም ነው» የምትል ሴት ናት። ምርቱን የፈተንኩበትን ሳህን ከእጄ ነጥቃ በኮሪደሩ በየቢሮው እያዞረች «እዩት! እዩት!» ስትል እግሬ መሬት አልረግጥ አለ።

ኮሚቴው ከጋሼ ቁመት የሚበልጥ ማሳደጊያ ጋን ፈቀደልኝ። አሁን የምንፈትንበት በቂ መድኃኒት ይኖረናል። የምለምንዎት አሁን ሌላ ነገር ነው። ያሸነፈዎት ያ ጀርም ሆስፒታሉ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ይሆን? ካለ በሕጋዊ መንገድ ይላኩልን። ከእርስዎ ጠላት መጀመር እፈልጋለሁ።

ጭቃ አቡኪዋ


መጋቢት 18

ለጀግናዬ፤

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! አፈር ያስመኘሽ አምላክ ይመስገን። ሰውየው ስለ ፍሬኑ ያልሽውን ለሰፈሩ ሾፌር ሁሉ አውርቶ ጨርሷል፤ እንደሚያወራው ከሆነ ፍሬኑን ያወጣው እሱ ነው።

ሆስፒታል ሄድኩ። ቀዶ ሐኪሙ ያው ነው፤ ሰው ሲያናግር ቀና የማይል፣ ከወረቀቱ ጋር የሚያወራ። ነገሩን ስነግረው «እትዬ፣ ስንቱ ተስፋ ሰጥቶን ሄዷል» አለኝ። «እኔ የመጣሁት ተስፋ ልሰጥህ አይደለም፣ ጀርም ልቀበልህ ነው» አልኩት። ያኔ ቀና አለ። ጀርሙን ለካ ላብራቶሪው በማቀዝቀዣ አስቀምጦታል። ፈቃዱ ከየቢሮው ተፈርሞ እስኪያልቅ ወንበራቸውን ይዤ አልነሣም አልኩ፤ እኔን ለመገላገል ብለው ይመስለኛል የፈረሙት።

ሲታሸግ ካላየሁ ብዬ መስታወቱ ጋ ቆምኩ። ደህና አድርገው ደራርበው አሽገውታል፤ ክዳኑን ግን አንዴ በድጋሚ እንዲያጠብቁት አድርጌያለሁ። ዐይኔ ስር ሲያልፍ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? ያ ሁሉ ሰው የጨረሰ ነገር እኮ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ውስጥ ነው። እነዚያ ሰዎች ፊታቸው መጣብኝ፣ ያቺም እናት። ለረጅም ጊዜ ስለነሱ ላለማሰብ ስሸሽ ነበር።

ካልሞተልሽ አትደብቂኝ። እኔ ሊሾውን እንደደበቅሁሽ እንዳታደርጊ።

እትዬሽ


ነሐሴ 14

ለእትዬ፤

አንድም ነገር ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ሞቷል።

ጀርሙን በሳህን ሙሉ ዘራሁት። በአንድ በኩል ሆስፒታልዎ የሞከራቸውን የድሮ መድኃኒቶች አስቀመጥኩ፤ ተጠግቶ፣ አልፎም በላያቸው በቀለ። እውነትም አልነኩትም። በሌላው በኩል የ«ያመለጠውን» መድኃኒት አስቀመጥኩ። ጠዋት ስገባ ዙሪያው ጥርት ብሎ ጸድቶ ክብ ሆኗል፤ በክቡ ውስጥ አንድም ነፍስ ያለው ነገር የለም። እርስዎ ያመከኑት መቀስ ይመስል! ብቻዬን ቆሜ ጮህኩ። ባልደረቦቼ አንድ ነገር ሆነች ብለው እየሮጡ መጡ።

ከዚያ አላቆምንም። ከብዙ ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ እምቢተኛ ጀርሞች ነበሩን፤ በየተራ ፈተንናቸው። አብዛኞቹ ሞቱ። በእርስዎ ጀርም የታመሙ አይጦችም መድኃኒቱን ካገኙ በኋላ ድነው ይሯሯጣሉ። ይህ ሁሉ የሆነው መድኃኒቱ ስለበቃን ነው፤ በዚያ በመርፌ ጫፍ ቢሆን ኖሮ አንዱን ሳህን እንኳን አንጨርስም ነበር።

ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ለሰው እስኪደርስ ገና ዓመታት ይቀሩታል። ሰውን እንዳይጎዳ መፈተን አለበት፣ ሊወድቅም ይችላል። ግን ከእንግዲህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይረሳም። የሚቀጥለውን ሥራ የሚሠራ ቡድን ተቋቁሟል፤ ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬን አልለቅም፣ እንዲያውም ሰፋ ያለ ሰጥተውኛል።

የሳህኑን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። አሸንፈነዋል፣ እትዬ።

ጭቃ አቡኪዋ


መስከረም 20

ለልጄ፣ ሳስባት ደረቴ ለሚነፋላት፤

የማውቀው ምርቃት ሁሉ አነሰብኝ፤ ዝም ብዬ ያክብርሽ ልበል። አክብረሽኛልና።

ደብዳቤሽን በር ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት። ሰውየው «ምን አለች?» ሲለኝ ፎቶውን ሰጠሁት። አቀረበው፣ አራቀው። «ይሄ ባዶው ክብ ምንድን ነው? ተበላሽቶ ነው?» አለኝ። «ባዶው ነው እኮ ነገሩ! እዚያ ጋ የለም! አለቀለት!» ብዬ እልልታዬን ለቀቅሁት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ልጃቸው ልታገባ ነው እንዴ ሲሉ ሰውየው «ከማግባት የበለጠ፣ ገደለች!» ብሎ ሰዉን አስደነገጠ።

ወደ ሆስፒታል ስሄድ የቤት ጫማዬን እንዳደረግሁ መሆኔን ያወቅሁት እዚያ ደርሼ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ሄደ። «ለሕሙማን መቼ ይደርሳል?» አለኝ። «ገና ዓመታት ይፈጃል፣ ላይሳካም ይችላል፤ ልጅቷ አትዋሽም» አልኩት። «እኔ እኮ ጭራሽ አይገኝም ብዬ ትቼው ነበር» አለና መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ። ከዚያ ተነሥቶ ሁለት እጄን ያዘኝ። ያ ከወረቀት ጋር የሚያወራ ሰው ቀጥ ብሎ ዐይን ዐይኔን አየኝ።

«ለልጆቹ እናሳያቸው» ብሎ ወደ ማምከኛ ክፍሉ አብረን ወረድን። የድሮ ሠራተኞቼ እዚያው ናቸው፤ መሣሪያ እየለቀሙ በየትሪው ይደረድራሉ። ፎቶውን እጃቸውን ታጥበው ተቀባበሉት። ያቺን እናት ስታስታምም የነበረችው ነርስ ዜናውን ሰምታ ከላይ ወረደች፤ ፎቶውን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች። ጭብጨባው ኮሪደሩን ሞላው። «እትዬ፣ የሆነ ነገር ይበሉ እንጂ!» አሉኝ።

እኔ ጀርም መርቄ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን በማምከኛ ክፍሉ መሃል፣ ኦቶክሌቩ አጠገብ ቆሜ፣ ያን ሁሉ ጀርም በገደልኩበት እጄ ያመለጠውን መረቅሁት። ብዛ፣ ተባዛ፣ ዕድሜህ ይርዘም አልኩት።

ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ።

እትዬሽ